ሽማግሌ የተላከበት አሰልጣኝ

ባለቤቴ በዚህ ዓለም ላይ ከልቡ የሚያምንበት ነገር ሽማግሌ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ፣ የሱቅ ሸሪኮች ሲኳረፉ ሽማግሌ፣ ጎረቤት በመኪና ማቆሚያ ሲጨቃጨቅ ሽማግሌ። ሴንት ፖል አጠገብ ያለችው ኢገን ከተማ ከገባን ጀምሮ ስንቱን ቤት እንዳስታረቀ አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ከጮኸ ኮቱን ለብሶ ይወጣል፤ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም እኮራበት ነበር። ታዲያ አንድ ክረምት፣ በረዶው ጉልበት በደረሰበት ሰሞን፣ በልጃችን የቤዝቦል አሰልጣኝ ላይ ሽማግሌ ላከበት። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ልጃችን ግራኝ ነው። ሕፃን ሳለ ምግብ በግራ እጁ ባነሳ ቁጥር እጁን መታ አደርግና ወደ ቀኝ አዞርበት ነበር፤ በእኛ ዘንድ በግራ መብላት ነውር ነው። ከናይሮቢ ስንመጣ ገና አማርኛውን ይኮላተፍ ነበር። የተከራየነው አፓርታማ ጀርባ የቤዝቦል ሜዳ ነበረ፤ እዚያ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲወረውር ያየው አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩቶ፣ ይህ እጅ ዝም ተብሎ መቅረት የለበትም አለን። ቤዝቦል ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አብዛኛው ሰው አብዛኛውን ሰዓት ቆሞ የሚውልበት ጨዋታ ነው። መሀል ላይ ከፍ ባለች አፈር ላይ ቆሞ ኳሷን የሚወረውረው ግን ዋናው ሰው ነው፤ ፒቸር ይሉታል፤ የእኔ ልጅ እሱ ነበረ። በግራ የሚወረውር ፒቸር ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም አሉ። ማዕድ ላይ ስቆጣው የኖርኩት ያ እጅ ሴንት ፖል ካለ አንድ ኮሌጅ አስገባው።

ኮሌጅ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ የልምምዱ ወራት አልፎ ብርዱ ሲጠና፣ አሰልጣኙ ቢሮው ጠርቶ አነጋገረው። ነገሩን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። አረጋውያን የምንከባከብበት ቤት የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ልወስደው ሄጄ ነበር፤ መኪና ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን እንኳ ሳያስር ጀመረልኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ፤ ያን ቀን ግን እንዲገባኝ ብሎ ቃል እየፈለገ፣ ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ አስረዳኝ። አሰልጣኙ ሬድሸርት እንዲሆን ፈልጓል። ይኸውም አንድ ዓመት ሙሉ ከቡድኑ ጋር ይለማመዳል፣ ይማራል፣ ይበላል፣ ይጓዛል፤ ጨዋታ ግን አይገባም። ያ ዓመት ከመጫወቻ ዓመታቱ አይቀነስበትም። ይህን የፈለገው ደግሞ ለክርኑ ሲል ነው። ሰውነቱ ቶሎ ቶሎ ረዝሟል፣ ክርኑ ግን ገና አልጠነከረም፤ አሁን በየሳምንቱ ቢወረውርበት ይበላሻል፣ ዓመቱን ቢያሳርፈው ግን ከቡድኑ የመጀመሪያው ፒቸር ይሆናል ብሎታል።

ሌላም መንገድ ነበረ። አዮዋ ውስጥ ካለ አንድ ትንሽ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሌላ አሰልጣኝ ደውሎለት ነበር። ትራንስፈር አድርገህ ወደ እኔ ኮሌጅ ከተዛወርህ በዚሁ በጸደይ፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ አስገባሃለሁ ብሎታል። ልጄ ይህንንም አልደበቀኝም።

የትኛውን እንደሚመርጥ ጠየቅኩት። በመስኮት ወደ ውጭ እያየ እዚሁ ዓመቱን መቀመጡን እመርጣለሁ አለኝ። ክርኑን አንዳንድ ጊዜ እንደሚያመው፣ ለማንም እንዳልተናገረና አሰልጣኙ ግን ሳይነግረው እንዳወቀበት ጨመረልኝ። እኔ ደስ አለኝ። ልጄን የሚያውቅልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ አመሰገንኩ።

አባቱ ግን ሌላ ነገር ሰማ። ባለቤቴ ወጣት ሳለ ደሴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። እዚያ አለቃውን ያስቀየመ ሰው አይባረርም፤ ዳር ይደረጋል። ደመወዙን እየበላ፣ ጠዋት ገብቶ ማታ እየወጣ፣ ሥራ ሳይሰጠው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሱንም እንዲህ አድርገውት ያውቃሉ፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም፣ ሲያወራው ግን ድምፁ ይቀየራል። እንግዲህ ልጁ ከቡድኑ ጋር እየበላና እየተለማመደ እንዳይጫወት ተደረገ ሲባል፣ ለባለቤቴ ማስረጃ አላስፈለገውም። ቅጣት ነው አለ።

እሁድ ቀን ልጃችን ሳሎን ተቀምጦ በትዕግሥት አስረዳው። ቅጣት አይደለም አለው። ትልልቅ የሆኑ ተጫዋቾች ሁሉ እንዲህ ተቀምጠው እንዳለፉ ነገረው። አባቱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ካዳመጠ በኋላ “የሆነ ነገርማ አለ” አለ። ምን እንደሆነ አልጠየቀውም። እሱ ዘንድ ጥፋት ይሸፈናል እንጂ አይዘረዘርም፤ ባስታረቀበት ቤት ሁሉ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንዳደረገ አውጡ ብሎ አያውቅም። ነገር ከተዘረገፈ እርቅ የለም ይላል። ልጄ ወደ እኔ አየና ትከሻውን ነቀነቀ። ያለቀ መስሎን እራት በላን።

በሳምንቱ አጋማሽ ከሥራ ስመለስ ሦስት ሰዎች ሳሎኔ ውስጥ ኮትና ከረባት አድርገው ተቀምጠው አገኘሁ። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው መንገድ ላይ ሥጋ ቤት ያላቸው ሀጂ ናቸው። ሁለተኛው ድሮ መምህር የነበሩ፣ አሁን ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ እንግሊዝኛቸው የተደነቀ ሰው። ሦስተኛው የአዲስ አበባ ሰው፣ ክርስቲያን፣ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በተሽከርካሪ አልጋ የሚያመላልሱ፤ ፈገግታቸው ብቻ ሰው ያስታርቃል ይባልላቸዋል። መምህሩ ለኮሌጁ ደውለው የቤተሰብ ጉዳይ አለን ብለው ቀጠሮ ይዘዋል። ባለቤቴ እንደ ወጉ ራሱ አይሄድም። ልጁም አልተነገረውም። ይቅር፣ ይህ ሰው ፈረንጅ ነው ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። ሀጂ “ፈረንጅስ ሰው አይደለም ወይ? ትልቅ ሰው ደጁ ሲመጣ እምቢ የሚል የለም” አሉኝ። ሦስቱም ያንን በረዶ በስስ የቆዳ ጫማቸው እየረገጡ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው መምህሩ በኩራት ስላወሩልን ነው። ቢሮው ከስፖርት አዳራሹ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አሰልጣኙ ኮፍያ ያደረገ ረጅም ሰው ነው፤ ሦስት ወንበር ከሌላ ክፍል ጎትቶ አመጣላቸው። አልተቀመጡም። ሽማግሌ የሄደበት ነገር ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ሰውዬው ተቀመጡ ይላል፣ እነሱ ይቆማሉ። ሀጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አሰልጣኙ ኮፍያውን አወለቀ። መምህሩ እዚህ ላይ ሲደርሱ፣ ሰውዬው ጨዋ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅን አሉ።

ከዚያም እንደ ወጉ ጀመሩ። ልጃችን አጥፍቷል፤ ልጅ ነው፤ ስለ እኛ ብለው ይማሩት። ይህ ንግግር በእኛ ቤት ሰላምታ ማለት ነው። ማንም ቢልክህ፣ ጥፋት ቢኖርም ባይኖርም፣ የተላክህለትን ሰው ዝቅ አድርገህ ነው የምትጀምረው፤ ያኛውም አክብሮትህን ያይና ልቡ ይራራል። አሰልጣኙ ግን “ምን አጥፍቶ?” ብሎ ጠየቀ።

መምህሩ ይህን እንደ ጥያቄ አልወሰዱትም። የተቀየመ ሰው እንዲህ ነው፤ እንዲለመን ይፈልጋል። ስለዚህ ልመናውን ከፍ አደረጉት። ጥፋቱ ከባድ መሆኑን እናውቃለን አሉ። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሣ። ሰው ጎድቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ፣ የሆነው ሆኗል፣ ያለፈውን አናንሣ፣ እኛ ዋስ እንሆናለን አሉ። ሴት ልጅ አለችበት ወይ አለ። ክርስቲያኑ ሽማግሌ ያን ፈገግታቸውን ፈገግ አሉለትና፣ ወጣት ነው፣ ወጣት የማያጠፋው የለም፣ አስተርጉምልኝ አሉ፤ መምህሩም አስተረጎሙ። በመጨረሻ አሰልጣኙ ፊቱን በእጁ ጠረገና፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ነገሩን አየዋለሁ አላቸው። ያን ጊዜ ሦስቱም ተቀመጡ።

ወደ እኛ ቤት ሲመለሱ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። አየዋለሁ ብሏል። ደሴ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃ አየዋለሁ ካለ አለቀ ማለት ነው። ባለቤቴ ሦስቱንም እያቀፈ ሳመ። እኔ ሳህን እያቀረብኩ ያ ሰውዬ ለምን ደጋግሞ ጠየቀ ብዬ አሰብኩ። ነገር ግን እንግዳ አለ፣ ምግብ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ጓዳዬ ተመለስኩ።

ልጄ በማግስቱ ከልምምድ ተጠራ። አሰልጣኙ ብቻውን አልነበረም፤ ከኮሌጁ ሁለት ሰዎች አብረውት ተቀምጠዋል። ፈተና ሰርቀሃል ወይ፣ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ፣ በማደሪያው ሴት ልጅ አስፈራርተሃል ወይ ብለው ጠየቁት። እያንዳንዱን አላደረግሁም ሲል፣ ታዲያ የገዛ ቤተሰብህ ለምን እንዲህ አሉ ብለው ይጠይቁታል። ከዚያ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ወስደው ሣጥኑን አስከፈቱት፤ ጓደኞቹ ግማሹ እርቃናቸውን፣ ግማሹ ፎጣ አገልድመው እያዩ። ጓንቱን ገልብጠው አዩ። ካልሲዎቹን አዩ። ምንም አላገኙም፤ ምንም ስላልነበረ።

በዚያው ቀን ቤት መጣ። ከሴንት ፖል ኢገን በአውቶቡስ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ ጫማው በረዶ ጠጥቷል። አባቱ ሊያቅፈው ተነሣ። ልጄ እጁን ዘርግቶ ከለከለውና በእንግሊዝኛ ጠየቀው፦

“ምን አደረገ ብለህ ነው የነገርካቸው?”

“ምንም” አለ አባቱ።

እውነቱን ነው። ምንም አላላቸውም፤ ነገሩ የከፋውም ለዚህ ነው። አንድ ነገር ብሎ ቢሆን ኖሮ ያ አንዱ ነገር ተመርምሮ ውሸት ሆኖ ይቀር ነበር። ስም የሌለው ጥፋት ግን በምን ይስተባበላል? ልጄ መኝታ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሽማግሌዎቹ ሰውዬው ጨዋ ነው ብለውኝ ነበር እኮ አለኝ። በዚያች ሰዓት ጠላሁት። እንዲህ ብዬ መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ጠላሁት።

በነጋታው ከሥራ ቦታ ሆኜ ለአሰልጣኙ ደወልኩ። እንግሊዝኛዬ አረጋውያንን ለማጠብና ለማልበስ የሚበቃ ነው፤ ወግ ለማስረዳት አይበቃም። ልጄ ምንም አላጠፋም፣ ይህ የእኛ አነጋገር ነው፣ የአክብሮት ነው አልኩት። ሰውዬው ታግሶ አዳመጠኝ። እንደሚመስለኝ እሱም እንደዚያ ጠርጥሮ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ ለኮሌጁ ማሳወቅ ግዴታው እንደሆነ፣ አሁን ጉዳዩ እንደተዘጋና የልጄ ቦታ እንደተጠበቀ ነገረኝ። ዓመቱን አርፎ ይቀመጥ፣ ክርኑን እንጠብቅለት አለኝ። አልቅሼ አመሰገንኩት።

ጉዳዩ ግን የተዘጋው እሱ ቢሮ ውስጥ ብቻ ነበር። ልጆቹ ጋ አልተዘጋም። ማደሪያ ክፍሉን የሚጋራው ልጅ ሌላ ክፍል ስጡኝ ብሎ ለመነ። ከአንዱ ተጫዋች ኪስ የእጅ ሰዓት ጠፋ ተባለና ሁሉም አንዴ ወደ እሱ አዩ፤ ሰዓቱ ከራሱ ከተጫዋቹ የስፖርት ቦርሳ ውስጥ ተገኘ፣ ግን አይተውታል። ቅዳሜ መኪና ውስጥ ይህን ሲነግረኝ መንዳት አቅቶኝ ጥግ ያዝኩ። ቻለው አልኩት። አንድ ዓመት ነው፣ የማይጫወት ሰው ማን ያየዋል፣ ጥግህን ይዘህ ተቀመጥ፣ ክርንህ ይሻልሃል አልኩት።

“እማዬ፣ ችግሩ እሱ ነው” አለኝ። “ብጫወት ኖሮ ሲያዩኝ ጨዋታዬን ያዩ ነበር። አሁን ስቀመጥ የሚያዩት ያንን ብቻ ነው። ለምን ተቀመጠ ይላሉ።”

አባቱ ቅጣት ነው ብሎ ያሰበው ነገር በዚህ መንገድ እውነት ሆነ። ልጄ በወሩ መጨረሻ ትራንስፈር አደረገ። ባለቤቴ ሻንጣውን ተሸክሞለት እስከ መኪናው ወረደ፤ አዮዋ ድረስ የወሰዱት የዚያኛው ኮሌጅ ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ ውስጡን ደስ ብሎት ነበር። ልጁ ይጫወታል፣ ዳር አልተደረገም።

ጸደይ ላይ ሊያጫውቱት ነው ተባለና ሄድን። ሜዳው ገና ያልታረሰ የበቆሎ መሬት ዳር ነው፤ ነፋሱ ዓይን አያስገልጥም። ልጄ ያቺ አፈር ላይ ቆሞ ወረወረ፣ ወረወረ፣ አልቀየሩትም። በቀደመውም ሳምንት እሱ ነው የወረወረው፣ በመጪውም እሱ ነው፤ ሌላ ፒቸር የላቸውም። ባለቤቴ ቆሞ ያጨበጭባል፣ አየሽው ወይ ይለኛል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ልጄ ወደ መቀመጫው በሄደ ቁጥር የውሃ ኩባያውን በቀኝ እጁ ያነሣል፤ ግራው እንዳለ ጭኑ ላይ ይቀመጣል። ከጨዋታው በኋላ ሳቅፈው ያ ክንድ አላቀፈኝም። አመመህ ስለው ኖ አለኝ።

ጸደዩ ሳያልቅ ደወሉልን። አንድ ኳስ ሲወረውር ድምፁ እስከ ተመልካቹ ተሰምቷል አሉ። ክርኑ ውስጥ ያለው ጅማት ተቆርጧል። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በብረት ታሰረ፣ ተፈታ፣ ደግሞ ታሰረ። ሐኪሙ ለተራ ኑሮ ይበቃዋል አለን። የአዮዋው አሰልጣኝ አንድ ጊዜ አበባ ላከ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣም። ልጄ ትምህርቱንም በዚያው ተወው።

ወደ እኛ አልተመለሰም። ከእኛ ብዙም በማትርቅ ኩን ራፒድስ በምትባል ከተማ ከአንድ ጓደኛው ጋር ቤት ያዘና በትልቅ መደብር ዕቃ መደርደር ጀመረ። የሚደውልልኝ አባቱ ሥራ ላይ ሲሆን ነው። ለአባቱ አንዲት ቃል አልላከም። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ማስታረቁን ቀስ በቀስ ተወ፤ ስልኩ ሲጮህ አሞኛል ይል ጀመር። ቤታችን ውስጥ ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር ሳናነሣ ከዓመት በላይ ኖርን። አንዳንዴ ለእሱም አዝንለት ነበር፤ ይህን ደግሞ መጻፍ የበለጠ ይከብደኛል።

ዒድ ሲደርስ እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች ልጄ ዘንድ ሄዱ። አባትህ ሊሞትብህ ነው አሉት። ምን ብለው እንዳሳመኑት አላውቅም፣ ብቻ ይዘውት መጡ። ልጄ ከስቷል፣ ጺም አብቅሏል፣ ግራ እጁ በኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ዛሬስ ይነገራል ብዬ ነበር። ዛሬስ አንዱ እንኳ፣ ልጁ ምን በደለ፣ የበደልነው እኛ አይደለንም ወይ ይላል ብዬ።

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባት አባት ነው፣ ልጅ ልጅ ነው፣ ያለፈውን አናነሣም አሉ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው “በል የኔ ልጅ፣ ጉልበቱን ሳም” አሉት።

ልጄ አባቱ ፊት ተንበረከከና፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲመልስልን የኖረው ልጅ፣ አንድም ቃል ሳይሰብር በአማርኛ “አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ አባዬ” አለ።

ባለቤቴ በልጁ አንገት ላይ ወድቆ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ አሚን፣ አሚን አሉ፤ ክርስቲያኑም አሉ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ በሉ ማዕዱ ይቅረብ ተባለ። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ ገባሁ። ሽማግሌዎቹን አስታጥቤ ልጄ ዘንድ ስደርስ ቀኝ እጁን ብቻ ዘረጋልኝ። ውሃውን እያፈሰስኩ ጎንበስ አልኩና ሌላው በማይሰማው ድምፅ ጠየቅኩት፦

“ምን አጥፍተህ ነው?”

እጁን እያየ “ምንም፣ እማዬ” አለኝ።

ፎጣውን ሰጠሁትና ወደ አባቱ አለፍኩ።